የዊንተሩን አለባበስ ለስፕሪንግ የሥራ ቀን ማሻገር፦ ባለ አንገት ሹራብ፣ የሱፍ ሱሪ፣ ካፖርትና ቡትስ

ቀይ መስመር

ሰላም ለዚህ ቤት ሰዎች። ዊንተሩን ሙሉ የሚያገለግል አንድ አለባበስ ወደ ስፕሪንግ እንዴት እንደሚሻገር ምክራችሁን ፈልጌ ነው። ያለው ይህ ነው፦ ጥቁር ወፍራም ባለ አንገት የሱፍ ሹራብ፤ ጠቆር ያለ ግራጫ የሱፍ ሱሪ፣ ሰፊ፣ ጫማ ላይ የሚያርፍ፤ ከጉልበት በታች የሚወርድ የግመል ቀለም ያለው ካፖርት፤ ባለ 5 ሳንቲሜትር ተረከዝ ጥቁር አጭር ቡትስ።

መነሻው ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሥራው ዲሲ መሃል፣ መጓጓዣው ሜትሮ ነው። ቢሮው ሙሉ ልብስ አይጠይቅም፤ ያልተቀዳደደ እስከሆነ ድረስ ጂንስም ይፈቀዳል። ጠዋት 1 ሰዓት ላይ ይበርዳል፤ ምሳ ሰዓት ላይ ካፖርቱ ሸክም ይሆናል፤ ከሰዓት ደግሞ ቢሮው ውስጥ ኤሲ አለ። አዲስ የሚገዛው ነገር ከሁለት ባይበልጥ እመርጣለሁ። ቅርጹም እንዳይጠፋ፦ ከላይ ጠበብ፣ ከታች ሰፋ፣ ከውጭ ረዘም ያለ መሆኑ ነው ደስ የሚለው።

ጥጥና ሱፍ

እህቴ፣ ግማሹን ራስሽ መልሰሽዋል። ቅርጹ ይቆይ፣ ክብደቱ ይውረድ።

ሰው ስፕሪንግ ሲገባ መጀመሪያ የሚቀይረው ቀለም ነው። ሮዝ ወፍራም ሹራብ ግን ያው ወፍራም ሹራብ ነው፤ ያልባል። የሚያሞቀው የጨርቁ ክብደትና አሸማመኑ ስለሆነ ከዚያ እንጀምር። የዲሲ አማካይ በማርች ቀን 57፣ ሌሊት 39 ፋራናይት ነው (14 እና 4 ሴልሺየስ)። በኤፕሪል ቀን 68፣ ሌሊት 48 ይሆናል (20 እና 9)። ጠዋት ባቡር ስትጠብቂ ለሌሊቱ ቁጥር ትቀርቢያለሽ፤ ምሳ ላይ ለቀኑ። በአንድ ቀን ውስጥ ወደ 20 ፋራናይት የሚጠጋ ልዩነት አለ ማለት ነው፤ ይህን አንድ ወፍራም ልብስ አይችለውም፣ ሦስት ቀጫጭን ይችሉታል።

ጨርቅ የሚለካው በግራም በካሬ ሜትር ነው። የዊንተር ካፖርት ብዙውን ጊዜ ከ500 እስከ 700 ግራም ይገባል። ፍላኔል (ፊቱ የተቦረሸ ለስላሳ ጨርቅ) ሱሪ 320 እና ከዚያ በላይ። ለኤፕሪል ሱሪ ከ230 እስከ 280 ግራም ያለው ሱፍ ይበቃል። ምልክቱ ላይ «ሱፐር 100»፣ «ሱፐር 120» የሚለው የሱፉን ጭረት ቅጥነት ነው የሚናገረው፤ ስለ ጨርቁ ክብደት ምንም አይልም። «ሱፐር 120» ተብሎ ከባድ የዊንተር ጨርቅ ይኖራል። ግራሙ ካልተጻፈ ጨርቁን ወደ መብራት አንሥተሽ እዪው፦ በክሮቹ መካከል ብርሃን ነጠብ ነጠብ ብሎ ካለፈ አየርም ያልፋል። ጠጉሩ የተቦረሸ ጨርቅ ግን ቀጭን ቢሆንም አየር አፍኖ ስለሚይዝ ያሞቃል።

ሹራቡ ደግሞ በጌጅ ይለካል፤ በአንድ ኢንች ውስጥ ያሉት የሹራብ ማሽን መርፌዎች ብዛት ማለት ነው። 5 ወይም 7 ጌጅ ወፍራሙ ነው፤ 12 እና 14 ቀጭኑ። ቁጥሩ ሲጨምር ሹራቡ ይቀጥናል። ለአንቺ የመጀመሪያው ግዢ በ14 ጌጅ የተሠራ ጥቁር ወይም ክሬም የሜሪኖ (ቀጭን ለስላሳ የበግ ሱፍ) ሹራብ ነው፤ አንገቱ ግን ክብ ይሁን፣ የሚታጠፍ አይሁን። ብዙ ሰው እዚህ ላይ ይሳሳታል፦ ቀጭን ባለ አንገት ሹራብ ይገዛና ምሳ ሰዓት ላይ አንገቱን በጣቱ ሲጎትት ይውላል። አንገት ከተዘጋ ሙቀቱ የሚወጣበት አያገኝም፤ ሹራቡን ደግሞ ቢሮ መካከል ማውለቅ አይቻልም። ክብ አንገት ሹራብ ከሻርፕ ጋር ሲሆን አንገቱ የሚወልቅ ሹራብ እንደማለት ነው። ጠዋት ጠምጥሚው፣ ምሳ ላይ ቦርሳ ውስጥ፣ ኤሲው ሲጀምር መልሰሽ።

ሌላው ነገር፣ ካፖርቱ ሲወልቅ ከሥር ያለው ራሱን የቻለ አለባበስ መሆን አለበት። በዊንተር ካፖርቱ ሁሉን ስለሚሸፍን ከሥሩ ያለው የተጨማደደ ካናቴራም ቢሆን ማንም አያይም። በስፕሪንግ ቀኑን ግማሽ የሚያሳልፈው ካፖርቱ ወንበር ላይ ነው።

ስቶክሆልም

በአብዛኛው እስማማለሁ፤ ካፖርቱን ለማሰናበት ግን አትቸኩሉ። እዚህ ስዊድን ኤፕሪል ላይ ቀን 10 ሴልሺየስ አካባቢ ነው፣ ሌሊት ወደ ዜሮ ይጠጋል፤ የሱፍ ካፖርት እስከ ሜይ ይለበሳል። ዘዴው መካከለኛውን ድርብ ማውጣት ነው፦ ወፍራሙ ሹራብ ይቅር፣ ካፖርቱ ሳይቆለፍ በቀጭን ሹራብ ወይም በሸሚዝ ላይ ይለበስ። ቁልፉ ሲከፈት ሙቀቱ ወዲያው ይወጣል። ሱፍ ደግሞ ከክብደቱ እስከ 30 በመቶ የሚደርስ እርጥበት ሳይረጥብሽ ይይዛል፤ ለካፊያ አይበገርም።

ጥጥና ሱፍ

ለስቶክሆልም ልክ ነህ። ለዲሲ ማርች ሙሉውን፣ ኤፕሪል የመጀመሪያውን ሳምንት ያስኬዳል። ከዚያ በኋላ ችግሩ የቀኑ 20 ሴልሺየስ ብቻ አይደለም። 2 ኪሎ የሚመዝን ካፖርት ክንድ ላይ አንጠልጥሎ ሜትሮ ውስጥ መቆም አለ። ገበሩ ደግሞ ፖሊስተር ከሆነ ላብ አያሳልፍም፤ ጀርባ ላይ ይለጠፋል። የገበሩን ዓይነት ውስጥ ካለው ምልክት አንብቢ፦ ቪስኮስ ወይም ኩፕሮ (ሁለቱም ከዕፅዋት ጭረት የሚሠሩ ናቸው) ካለ ይተነፍሳል።

ሁለተኛው ግዢ ስለዚህ ያው ርዝመት ያለው የጋበርዲን ካፖርት ነው፣ ሰዎች ትሬንች የሚሉት። ጋበርዲንን ቶማስ በርበሪ በ1879 ሲያወጣው ክሩ ከመሸመኑ በፊት ውሃ እንዳያስገባ ተደርጎ ነበር፤ አሸማመኑም ጥቅጥቅ ስለሆነ ነፋስ ይመልሳል። የዛሬዎቹ አብዛኞቹ የጥጥና የፖሊስተር ቅልቅል ናቸው፤ ጥጡ ከግማሽ በላይ ቢሆን ይመረጣል፣ አለዚያ ሲራመዱ የላስቲክ ድምፅ ያወጣል። ቀለሙ የአሸዋ ወይም የድንጋይ ይሁን፤ ከግመሉ ቀለም ጋር ቅርብ ስለሆነ የለመድሽው አለባበስ ሳይፈርስ ይቀጥላል።

ጋሼ መርፌ

ልጄ፣ ሱሪውን ማንም አልነካውም፤ ነገሩ ያለው እዚያ ላይ ነው።

ሱሪሽ የተለካው ለ5 ሳንቲሜትር ተረከዝ ነው። ቡትሱን ትተሽ ጠፍጣፋ ጫማ ብታደርጊ የኋላው ጫፍ መሬት ይጠርጋል፤ በሁለት ሳምንት ይበላል። ጫማው ከተቀየረ እጥፋቱ ከ3 እስከ 4 ሳንቲሜትር መነሣት አለበት። ሲነሣ አታስቆርጪው። ትርፉ ወደ ውስጥ ይታጠፍ፣ ለሚመጣው ዊንተር ታወርጂዋለሽ። ይሁንና ጨርቁ ፍላኔል ከሆነ ከ6 ሳንቲሜትር በላይ እጥፋት ከውጭ እንደ ገመድ ጎልቶ ይታያል፤ እዚያ ከደረሰ የግድ ይቆረጥ፣ ጠርዙ ይዘምዘም፣ 4 ሳንቲሜትር ብቻ ይቅር።

ስፌቱ በእጅ ይሁን። መርፌው ከውጭው ጨርቅ አንድ ክር ብቻ ማንሣት አለበት፤ ሁለት ሦስት ካነሣ ከውጭ ነጥብ ነጥብ ይላል። ክሩን ሳታጠብቂ ትንሽ ላላ አድርገሽ ተዪው፤ ከተወጠረ ስትቀመጪ ይበጠሳል። አሮጌው እጥፋት የተወውን መስመር ለማጥፋት አንድ እጅ ነጭ ኮምጣጤ በሦስት እጅ ውሃ በጥብጦ፣ ነጭ የጥጥ ጨርቅ ነክሮ ጨምቆ፣ ሱሪው ላይ አንጥፎ በካውያ እንፋሎት መጫን ነው። መጫን አልኩ እንጂ መግፋት አላልኩም፤ ሱፍ በካውያ ሲገፋ ይለጠጣል፣ ያብረቀርቃል። መጀመሪያ በማይታይ ቦታ ይሞከር።

እንግዲህ ቡትሱን የምታስቀሪ ከሆነ ይህ ሁሉ አያስፈልግም። መጀመሪያ ጫማውን ወስኚ፣ ከዚያ ልብስ ሰፊ ቤት ሂጂ። ሰው የሚሠራው ተገላቢጦሹን ነው።

ቀይ መስመር

ጋሼ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። እርስዎን አንድ ነገር ልጠይቅዎት፦ የካፖርቱን ገበር አስወጥቼ ለስፕሪንግ ማቅለል ይቻላል?

ጋሼ መርፌ

ይቻላል፤ አልመክርሽም። ገበሩ ሲወጣ የስፌቱ ጠርዝ ሁሉ ይታያል፤ እያንዳንዱን በሰያፍ በተቆረጠ 3 ሳንቲሜትር ጥብጣብ መጠቅለል ያስፈልጋል። የእጅጌው ገበር የግድ መቅረት አለበት፣ አለዚያ ካፖርቱ ሹራብ ላይ አይንሸራተትም፤ እጅሽን ባስገባሽ ቁጥር የሹራብሽ እጅጌ እስከ ክርንሽ ይሰበሰባል። የትከሻውም ገበር ይቅር፣ ቅርጹን የያዘው እሱ ነው። ከዚህ ሁሉ በኋላ ያ 600 ግራም ጨርቅ እዚያው ነው። የእጅ ዋጋው አንድ ደህና ሁለተኛ እጅ ትሬንች ይገዛል።

ካኪ ሱሪ

ስለ ሱሪ ከተነሣ፣ ለምን ሊነን (የተልባ እግር ጨርቅ) አታደርግም? ቀላል ነው፣ ሰፊ ነው፣ ቅርጹም ይገጥማል።

ጥጥና ሱፍ

በጁን እሺ። በኤፕሪል ጠዋት 48 ፋራናይት ላይ የባቡር ጣቢያ ነፋስ በሊነን ሱሪ ውስጥ አልፎ ይሄዳል። ከዚያም መጨማደዱ አለ፦ የሊነን ጭረት የመለጠጥ ጠባይ ስለሌለው የታጠፈበት ቦታ ላይ እንደታጠፈ ይቀራል። 40 ደቂቃ ባቡር ላይ ከተቀመጡ በኋላ ጭንና ጉልበት ላይ ያለው ሽብሽብ ካውያ ካልነካው አይወጣም። 55 በመቶ ሊነን፣ 45 በመቶ ጥጥ የሆነው ቅልቅል ይሻላል፤ እሱም ከሜይ አጋማሽ ወዲህ። እስከዚያ ያው የሱፍ ሱሪ ቀለል ባለ ክብደት፣ ወይም ሰፊ ጠቆር ያለ ጂንስ። ጂንሱ (ክብደቱ የሚለካው በአውንስ በካሬ ያርድ ነው) ከ10 እስከ 12 አውንስ ይሁን፤ 14 አውንስ ለዊንተር ነው።

ሞካሲን

ስለ ጫማው ከሌሎቹ እለያለሁ። ሁለት ነገር ብቻ የሚገዛ ከሆነ አንዱ ጫማ ይሁን ባይ ነኝ። ከሩቅ ሲታይ አለባበሱን ዊንተር የሚያስመስለው ጥቁር ቡትስ ነው፤ ላዩን ምንም ብትቀይሪው ከታች ጥቁር ቡትስ ካለ አለባበሱ ወደ ጃንዋሪ ይመለሳል። ቡናማ የቆዳ ሞካሲን (ማሰሪያ የሌለው ዝቅ ያለ ጫማ) ወይም ነጭ ንጹሕ የቆዳ ስኒከር ከሱሪው ሥር ትንሽ እግር ያሳያል፣ ነገሩን ሁሉ ያቀለዋል። ካሞሽ ቆንጆ ነው፤ ግን ኤፕሪል ዝናብ አለው፣ ካሞሽ ውሃ ሲነካው ዳር ዳሩ ላይ መስመር ይሠራል። መርጫ ቢደረግበትም ያዘገየዋል እንጂ አያስቀረውም።

ካልሲውን ቀጭን አድርጊው። በዊንተር በወፍራም ካልሲ የተለካ ጫማ በቀጭን ካልሲ ሲለበስ ተረከዝ ላይ ይንሸራተትና ያቆስላል፤ 3 ሚሊሜትር የውስጥ ሶል ማስገባት ይፈታዋል።

ቡትሱ የሚቀር ከሆነ ግን መጀመሪያ ከጨው ይጽዳ። መንገድ ላይ የሚበተነው ጨው ቆዳው ላይ ነጭ ካርታ ሠርቶ ይቀራል፤ በላዩ ላይ ቀለም ከተቀባ ጨው ከሥር ቆዳውን ያደርቀዋል፣ ይሰነጥቀዋል። ውሃና ነጭ ኮምጣጤ እኩል በእኩል ቀላቅሎ በጨርቅ መጥረግ፣ ከዚያ በንጹሕ እርጥብ ጨርቅ፣ ከዚያ ከማሞቂያ ራቅ አድርጎ አንድ ቀን ማድረቅ፤ በመጨረሻ የቆዳ ቅባት። ማሞቂያ አጠገብ የደረቀ ቆዳ ይጨማተራል።

ቀይ መስመር

እሺ፣ ጫማው ለጊዜው ይቆይ፤ ነጭ ስኒከር ቤት አለ። ስለዚህ ሱሪው 3 ሳንቲሜትር ይነሣል ማለት ነው። ስለ ሻርፑ ሰው ይንገረኝ። የዊንተሩ ወፍራም የሱፍ ነው።

የሽሮ ሜዳ ልጅ

ነጠላ እያለልሽ? ቤትሽ ውስጥ አንድ ሳይኖር አይቀርም።

ነጠላ ሁለት ድርብ ሳሳ ያለ የጥጥ ሽመና ነው፤ ጋቢ አራት ድርብ ስለሆነ ለዚህ ይከብዳል፣ አንገት ላይም አይታጠፍም። ለቢሮ ጥለቱ ጠባብና አንድ ቀለም የሆነውን ምረጪ፦ ግራጫ፣ ጥቁር፣ ወይም ነጭ በነጭ። ሰፊ ጥለት ከሥራ ልብስ ጋር ሲሆን ከቤተ ክርስቲያን የመጡ ያስመስላል፤ ወርቃማ ክር ያለው ደግሞ ሹራብ ይቧጭራል፣ ክር ይጎትታል። ነጠላ ትልቅ ስለሆነ በቁመቱ ሁለት ጊዜ እጠፊው፤ ጥለቱ ሁለት ጫፎች ላይ እንዲወርድ አድርገሽ አንድ ዙር ብቻ ጠምጥሚ፣ ጫፎቹ ከትሬንቹ ኮሌታ ውስጥ ይግቡ። ሁለት ዙር ካደረግሽው ይከመራል። ለእሱ ተብሎ በእጅ የተሸመነ ጠባብ የአንገት ልብስም ሽሮ ሜዳ ይሸጣል፤ ከአዲስ አበባ የሚመጣ ሰው ካለ እሱን አስመጪ፣ ሻንጣ ውስጥ ቦታ አይይዝም።

እጥበቱ በቀዝቃዛ ውሃ፣ በእጅ። ባለቀለም ጥለት መጀመሪያ ጫፉን በእርጥብ ነጭ ጨርቅ ተጭነሽ ፈትኚው፤ ቀለም ከለቀቀ ሳትዘፈዝፊ ፈጥነሽ እጠቢውና ጥለቱ ነጩን ሳይነካ ዘርግተሽ አስጪው። ማድረቂያ ማሽን ውስጥ ከገባ የተፈተለው ጥጥ ይሰበሰባል፣ ዳሩ ይጣመማል።

ስቶክሆልም

ኤሲ ላለበት ቢሮ ከዚህ የተሻለ የለም። እንደ ሻርፕ መጥቶ ጠረጴዛ ላይ ሲደረስ ትከሻ ላይ ይዘረጋል።

ካኪ ሱሪ

ለወንዶችስ? ያው ጥያቄ ነው፦ ወፍራም ሹራብ፣ ኮርዶሮይ ሱሪ፣ አጭር የሱፍ ጃኬት፣ ቡትስ።

ጥጥና ሱፍ

ለአንተ ይቀላል። ወፍራሙ የፍላኔል ሸሚዝ በዊንተር ከሹራብ ሥር ነበር፤ አሁን ወደ ውጭ ይውጣ፣ በነጭ ወይም በግራጫ ቲሸርት ላይ ሳይቆለፍ እንደ ጃኬት ይለበስ። ቲሸርቱ ግን ከ180 እስከ 220 ግራም ያለው ይሁን፤ ሳስቶ የሚያሳይ ከሆነ ሸሚዙ ሲወልቅ የውስጥ ልብስ ነው የሚመስለው። ኮርዶሮዩ በአንድ ኢንች ውስጥ ባሉት መስመሮች ይቆጠራል፦ 8 መስመር ያለው ወፍራም የዊንተር ነው፣ 14 ወይም 16 መስመር ያለው ቀጭኑ እስከ ሜይ ያደርሳል። ጃኬቱን በሰደርያ ተካው፤ ክንድ ነፃ ሲሆን ደረት ብቻ ይሞቃል፣ ባቡር ውስጥ ግን አያልብም። ቀለም ላይ ጥቁሩን በጥቁር ሰማያዊ ቀይር፣ ያ ብቻውን ብዙ ነው።

ሞካሲን

ሰደርያው የተነፋ፣ የሚያብረቀርቅ ናይሎን አይሁን እንጂ። ዲሲ ውስጥ ግማሹ ከተማ እሱን ለብሶ ነው የሚሄደው፤ የቢሮ መታወቂያ ከተንጠለጠለበት ደግሞ ሁሉም አንድ ሰው ይመስላል።

ቀይ መስመር

ሳቅኩ። እሺ፣ የደረስንበት ይህ ከሆነ አርሙኝ፦ ክሬም ክብ አንገት ሹራብ በ14 ጌጅ፤ የአሸዋ ቀለም ትሬንች፤ ያው ግራጫ ሱሪ 3 ሳንቲሜትር ተነሥቶ፤ ነጭ ስኒከር፤ ነጠላ። ጥቁር ምንም አልቀረም፣ ሳይበዛ ነጣ አይልም?

ጥጥና ሱፍ

ግራጫው ከበድ አድርጎ ይይዘዋል። ጥቁር ከፈለግሽ ቀበቶና ቦርሳ ይሁን፤ ፊት አጠገብ ያለው ክሬሙ ይቆይ፣ የዊንተሩን ድባብ የሚሰብረው እሱ ነው። ግን ያ ሱሪሽ ከ320 ግራም በላይ ፍላኔል ከሆነ ከኤፕሪል 15 በኋላ እግርሽ ራሱ ይነግርሻል፤ ያኔ ጂንሱ ይተካው።

የክሬም ሹራብ አንድ ጣጣ አለው፦ የትሬንቹ ኮሌታ የሚያርፍበት ቦታ በሦስት አራት ቀን ይቆሽሻል። በየጊዜው ላውንደሪ አያስፈልግም። ለብ ባለ፣ ከ30 ሴልሺየስ ያልበለጠ ውሃ፣ ለሱፍ የተሠራ ሳሙና። ተራው የልብስ ሳሙና ውስጥ ፕሮቲን የሚበላ ኢንዛይም ይኖራል፤ ሱፍ ራሱ ፕሮቲን ስለሆነ እየሳሳ ይሄዳል። አትሺው፣ አትጠምዝዢው፤ ሱፍ የሚሰበሰበው ሙቀትና መታሸት ሲገናኙ ነው። ፎጣ ውስጥ ጠቅልለሽ ውሃውን ተጫኚውና ጠፍጣፋ ነገር ላይ አንጥፊው። ከተሰቀለ በውሃው ክብደት ይረዝማል፣ ትከሻው ላይም የመስቀያው ጉብታ ይቀራል።

ቀይ መስመር

ካፖርቱና ወፍራሙ ሹራብስ? እንዲሁ ቁም ሳጥን ውስጥ ይቀመጡ?

ጋሼ መርፌ

ሳይታጠብ የተቀመጠ ሱፍ ለብል ማዕድ ነው ልጄ። ኪሱን አራግፊ፣ ኮሌታውንና የእጅጌውን ጫፍ አስጸጂ፤ ብል የሚጀምረው ላብና የምግብ ፍንጣቂ ካለበት ነው። የምትበላው የምትበረው አይደለችም፣ ትሏ ናት።

ጥጥና ሱፍ

ጋሼ ባሉት ላይ፦ ጥርጣሬ ካለሽ ሹራቡን ላስቲክ ውስጥ አየሩን አስወጥተሽ አሽጊና ከዜሮ በታች 18 ሴልሺየስ ላይ ቢያንስ 72 ሰዓት ፍሪዘር ውስጥ ይቆይ። ስታወጪው ላስቲኩን ወዲያው አትክፈቺ፤ ወደ ክፍሉ ሙቀት እስኪመለስ እንደታሸገ ይቆይ፣ አለዚያ ጤዛው ሱፉ ላይ ያርፋል። ካፖርቱ ሰፊ ትከሻ ባለው እንጨት መስቀያ ላይ፣ በጥጥ ሽፋን ውስጥ ይሰቀል። የላውንደሪውን ስስ ላስቲክ አውልቂለት፤ እርጥበት ያፍናል። የሴዳር እንጨት ከተጠቀምሽ ሽታው ሲጠፋ ሥራው ያበቃል፤ በዓመት አንድ ጊዜ በብርጭቆ ወረቀት ፈተግ ሲደረግ ሽታው ይመለሳል።

ካኪ ሱሪ

ኮርዶሮይስ ብል ይበላዋል?

ጥጥና ሱፍ

ጥጥ ስለሆነ አይፈልገውም። ከሱፍ ጋር የተቀላቀለ ከሆነ ግን አብረህ አሽገው።